መብሩካ በቀን ማንንም አታውቅም

ሰካራም እኩለ ሌሊት ላይ የሚፈልገው ምክር አይደለም፤ መረቅ ነው። ይህን የምላችሁ ዕድሜዬን ሙሉ መሐል ቱኒስ መጠጥ ቤት ውስጥ ቢራ ሳመላልስ የኖርኩ አስተናጋጅ ስለሆንኩ ነው። ሙንሲፍ እባላለሁ። ስንቱ ሲያለቅስ፣ ስንቱ ሲዘፍን፣ ስንቱም ከወንበር ጋር ሲጣላ አይቻለሁ። በራችንን ልንዘጋ ስንል ግን ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «መብሩካ ከፍታለች?»

መቼ ዘግታ ታውቃለች!

የመብሩካ ቤት ከትልቁ ገበያ ጀርባ፣ ዓሣ ሻጮቹ ዓሣ ያጠቡበትን ውሃ የሚደፉበት መንገድ ላይ ናት። ቤት አልኳት እንጂ ሁለት ወፍራም ሰዎች ጎን ለጎን ከቆሙ ግድግዳውን በትከሻቸው የሚያጥቡባት ቀዳዳ ነች። አንድ ትልቅ ድስት፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ጥቂት በርጩማዎች አሏት። ቦታ ያጣው ሳህኑን ይዞ መንገድ ላይ ቆሞ ይበላል፤ ዳኛም ሊሆን ይችላል፣ ሊስትሮም ሊሆን ይችላል፣ በዚያ ሰዓት ማንም ማንንም አይለይም።

የምትሸጠው ላብላቢ ነው። ያደረ ዳቦ፣ ከሽምብራ ጋር ሲንተከተክ የዋለ ትኩስ መረቅ፣ ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሀሪሳ የምንለው ድልህ፣ የወይራ ዘይት፣ ሎሚ፣ ከላይ ደግሞ ለስለስ ብሎ የተቀቀለ እንቁላል። በሁለት ማንኪያ አማስለህ ትበላዋለህ። የድሃ ምግብ ነው ይሉታል፤ ሀብታሙ ግን እንደሱ የሚሻማበት ምግብ አላየሁም። ዳቦውን ሻጩ አይፈረፍርልህም። ባዶ ሳህንና ዳቦ ይሰጥሃል፣ በገዛ እጅህ ፈርፍረህ ትመልሳለህ፣ መረቁም ይፈስበታል። ይህ የአገሩ ሁሉ ደንብ ነው። የመብሩካ የራሷ ሕግ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሳህኑን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ ታየዋለች፤ አፈራፈሩ ካልጣማት ትመልሰዋለች።

«ይሄን ለማን ነው የፈረፈርከው? ለግመል?»

«ኻልቲ፣ ራበኝ እኮ!» ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ነው የሚሏት፤ አባቷ ሊሆን የሚችለው ሽማግሌ ሳይቀር።

«የራበው ሰው ጣቱን ያሠራል። አሳንሰው።»

ሰውየው እያጉረመረመ ተመልሶ ይቀመጣል። ሲጨርስ ስካሩም በርዶለታል፣ ይዞት የመጣው ጠብም ጠፍቶበታል። አንድ ጊዜ ሁለት ደላሎች አንገት ለአንገት እንደተያያዙ ገቡ። መብሩካ አልጮኸችም፣ ፖሊስም አልጠራችም። ለሁለቱም አንድ ሳህንና አንድ ዳቦ አቀበለቻቸው። ዳቦውን ለመፈርፈር የያዙትን አንገት መልቀቅ ነበረባቸው፤ ለቀቁ።

ሱቁን የጀመረው ባሏ ሃዲ ነበር። ድንገት ሲሞትባት ዘመድ ሁሉ ድስቱን ሽጪው አላት፤ ሴት በሌሊት፣ ያውም ከሰካራም ጋር፣ ምን ይባላል አሉ። ልጇ እሽራቅ ያን ጊዜ ገና እጇን ተይዛ የምትሄድ ሕፃን ናት። መብሩካ የሐዘን ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ከድስቱ ጀርባ ቆመች። በመጀመሪያው ሌሊት አንዱ ጎረምሳ ብቅ ብሎ «እዚህ ቤት ወንድ የለም እንዴ?» ቢላት፣ «እኔም እሱኑ ነው የምጠብቀው። እስኪመጣ ድረስ ዳቦህን ፈርፍር» አለችው። ያ ጎረምሳ ዛሬ ሸብቷል፤ አሁንም ደንበኛዋ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነገሯ ነው። መብሩካ በቀን ማንንም አታውቅም። ሌሊት ፊቷ ሲያለቅስ ያደረውን ሰው በማግስቱ ጎዳና ላይ ብታገኘው እንደ መብራት እንጨት አልፋው ትሄዳለች። ከሚስቱ ጋር ቢሆንስ? ልጁን ትምህርት ቤት እየወሰደ ቢሆንስ? «ይቺ ሴት ከየት ታውቅሃለች?» ቢባል ምን ይመልሳል? ስለዚህ አይኗን አታነሳም። እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም፤ የት እንደምሠራ ሚስቴም ታውቃለች፣ አማቴም ታውቃለች፣ ሲያሻት ትሰድበኛለች። አንድ ቀን መብሩካን ገበያ ውስጥ አገኘኋትና እጄን እንደ ባንዲራ ሳውለበልብ፣ እሷ ሎሚ ትመርጣለች። ሎሚ ሻጩ አዘነልኝ። ማታ ተቆጥቼ ብጠይቃት እንዲህ አለችኝ።

«ላንተ ብዬ ሕግ ላፍርስ? አንዱን ሰላም ካልኩ፣ ሰላም ያላልኩት ሁሉ ይታወቃል።»

ዳቦዬን ወስጄ መፈርፈር ጀመርኩ። 

አንድ ክረምት እኛ ቤት ጥግ ይዞ የሚጠጣ ሰው ነበር። ቀይ ሸሺያ ቆቡን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ አያወራም፣ አይዘፍንም፣ ይጠጣል። ሲ ባሺር፣ አቶ ባሺር እንደማለት ነው፤ በአሮጌው ከተማ የታወቀ የሙሽራ ጨርቅ ነጋዴ። ታላቅ ልጁ ክረምቱ ሊገባ ሲል በጀልባ ወደ ጣሊያን ሲሻገር ባሕር ላይ ቀርቶበታል። ሬሳው እንኳ አልተገኘም። እንዲህ ያለውን ሰው አትጠጣ ማለት አይቻልም። አንድ ሌሊት በር ልንዘጋ ስንል ደግፌ ወደ መብሩካ ወሰድኩት። ሳህንና ዳቦ ሰጠችው። ዳቦው ከእጁ ወደቀ፣ አነሳው፣ ደግሞ ወደቀ። በዚያ ቤት ሰው በሰው ይስቃል፤ ያን ጊዜ ግን የሳቀ አልነበረም። መብሩካ ጭልፋዋን አስቀመጠች፣ ከድስቷ ጀርባ ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና ዳቦውን ከእጁ ወስዳ ትፈረፍርለት ጀመር። ይህን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለማንም ስታደርግ አላየኋትም። ሌላው ሁሉ መረቁን ትቶ ጠበቃት።

ክረምቱን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ብርዱ ሲያልፍ ሲ ባሺር ዳቦውን ራሱ መፈርፈር ጀመረ፤ ቆይቶም መምጣቱን ተወ። ሐጅ አድርጎ ተመለሰ ሲባል ሰማን፣ ደስ አለን። መብሩካ ስሙን አንስታ አታውቅም።

እንግዲህ ነገር የሚያገጣጥም አምላክ ሥራ አይፈታም። እሽራቅ አደገች፣ ተምራ አዋላጅ ነርስ ሆነች። ከዓመታት በኋላ አንድ ሌሊት መብሩካ ሳህኔን ስታቀብለኝ ጠጋ አለችኝ።

«ዓርብ ሥራ የለህም አይደል?»

«ዓርብ መጠጥ ቤት እንደሚዘጋ አታውቂም? ምነው?»

«ልጄን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ባል የለኝ፣ ወንድም የለኝ። ወንድሜ ሆነህ ትቀመጥልኛለህ።»

ደስ ብሎኝ ልስማት ምንም አልቀረኝ። «የማን ልጅ ነው እድለኛው?»

«ወጅዲ ይባላል። የሲ ባሺር ልጅ፣ የጨርቅ ነጋዴው።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። «የኛው ባሺር?»

«የምን የኛው? እኔ ባሺር የሚባል ሰው አላውቅም። አንተም አታውቅም።»

«መብሩካ…»

«ስማኝ ሙንሲፍ። ልጄ ትወደዋለች። በሌሊት ሥራዬ ምክንያት አንዴ ጎረቤት፣ አንዴ ዘመድ አንገቷን ሲያስደፋት ኖሯል፤ ይሄ እንዲበላሽባት አልፈልግም። አፍህን ትዘጋለህ፣ ሻይህን ትጠጣለህ፣ የቃል ማሰሪያው ፋቲሓ ሲቀራ እጅህን ታነሳለህ። በቃ።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የክት ልብሴን ለብሼ፣ ሚስቴ ሽቶ ነስንሳብኝ ሄድኩ። መብሩካ እጇን በሎሚ ስትፈትግ ነው የዋለችው፤ ከሙን ግን በሎሚ አይለቅም። በሩ ተንኳኳ። ወጅዲ ሎሚ ሊጨመቅበት የደረሰ ይመስል ፊቱ ተጨማዶ ገባ። ተከትላው እናቱ ላላ ቤያ፣ ወይዘሮ ቤያ እንደማለት ነው፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ። በመጨረሻ ሲ ባሺር፣ ባቅላባውን በሳጥን ይዞ። መብሩካን አየ፣ እኔን አየ፣ ፊቱ ላይ ደም አልቀረም። የእሽራቅ እናት የትኛዋ መብሩካ እንደሆነች ማንም አልነገረውም ነበርና፣ ማን ቤት እንደመጣ ያወቀው በዚያች ደቂቃ ነው። ያን ክረምት ሙሉ የቀዳሁለትን ሰው «እንኳን ደህና መጡ፣ የእሽራቅ አጎት ነኝ» አልኩት። «ባሺር እባላለሁ» አለኝ። ሁለት ውሸታሞች ተጨባበጥን።

ሻይ መጣ፣ ስለ አየሩ ተወራ፣ ስለ ወይራው ምርት ተወራ። ከዚያ ሲ ባሺር ጉሮሮውን ጠረገ። አይኑን ከምንጣፉ አላነሳም።

«ላላ መብሩካ፣ ልጅቷን ወደናታል። እንከን አይወጣላትም። ግን እውነቱን ልናገር፤ ዘመድ አለን፣ ጎረቤት አለን። የልጃችሁ አማት ሌሊት ሌሊት ሰካራም ታበላለች ይሉናል።»

«እውነታቸውን ነው» አለች መብሩካ። «አበላለሁ።»

«እንግዲያው ሱቁ ይዘጋ። ከተዘጋ ፋቲሓውን ዛሬውኑ እናቀራለን።»

ምላሴን በላኝ። እንዲያው በላኝ ብቻ! ያን ክረምት የፈረፈረችለትን ዳቦ ብትሰበስቡት ይህን ክፍል ይሞላል፤ እሱ ተቀምጦ ስለ ሰካራም ያወራል። መብሩካን አየኋት። አንድ ቃል ብትናገር ሰውየው ቆቡን ጥሎ በሮጠ። እሷ ግን ዛሬ ገና እንደተዋወቀችው ሰው በትህትና ታየዋለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ይህን ከሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ልጄ ደስ ይበላት» አለች። «እዘጋዋለሁ።»

እሽራቅ ከወጥ ቤት ሁለተኛውን ሻይ ይዛ ወጣች። ሰምታለች። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«አይዘጋም።»

«እሽራቅ፣ ግቢ» አለች እናቷ።

«አልገባም እማ። እኔ ሌሊት ሳዋልድ አድሬ ስወጣ ሰው ሁሉ ይመርቀኛል። አንቺ ሌሊት ሰው መግበሽ ስትገቢ ይሰድብሻል። ይሄ ነገር አይገባኝም። በዚያ ድስት ነው ያሳደግሽኝ፤ እሱን አዘግቼ ነው የማገባው? ወጅዲ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

ወጅዲ አባቱን አየ፣ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን አየ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ያን ቀን ግን በጥፊ ባጮለው ደስ ይለኝ ነበር። ፋቲሓው ሳይቀራ እንግዶቹ ተነሱ። ባቅላባው ሳጥኑ ውስጥ እንደታሰረ ቀረ።

ላላ ቤያና ልጇ ደረጃውን ቀድመው ወረዱ። ልሸኛቸው ስወጣ ሲ ባሺር ወደ ኋላ ቀርቶ እጅጌዬን ያዘኝ።

«ለምን አልተናገረችም?»

«ምኑን?»

«አታሹፍብኝ ሙንሲፍ። ታውቀኛለች። የናቀችኝ ሴት ናት እኮ። ስንት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞርብኛለች። አንድ ጊዜማ ላመሰግናት ብዬ ጎዳናውን ተሻግሬ ሄድኩ፤ አጠገቤ አልፋ ሄደች። የዚያን ቀን ዞሬ ስንቱ ሰው እንዳየኝ ነው የቆጠርኩት። እንዲህ የምትጠላኝ ሴት አንድ ቀን በሰርጉ መሐል ታዋርደኛለች ብዬ ነው ዛሬም ነገሩን ያከረርኩት።»

ንዴቴ ሳቅ ሆኖ ፈነዳብኝ። «ሲ ባሺር! እኔንም እኮ ታልፈኛለች! ወንድሟ አድርጋ ሳሎኗ ያስቀመጠችኝን! ነገ ጎዳና ላይ ብንሞት ረግጣን ነው የምትሄደው። ለሁሉም ደንበኛ እንዲህ ናት፤ ከሚስታቸው ጋር ቢሆኑስ ብላ ነው። ስምዎን እየጠበቀችልዎት ነው እንጂ ንቃዎት አይደለም።»

አፉን ከፍቶ አየኝ። «ለልጇስ አልነገረቻትም?»

«ልጇ እርስዎን ዛሬ ነው ያየችው። እኔን እንኳ «አንተም አታውቀውም» ብላ አፌን አዘግታኛለች።»

ሲ ባሺር በዚያ ሁሉ ክብሩ፣ በነጩ በርኖሱ፣ አቧራማው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ከታች ሚስቱ ስትጣራ እንኳ ቶሎ አልተነሳም። እኔም ጥዬው ወደ ላይ ወጣሁ፤ ላጽናናው አልፈለግኩም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሄድኩ፤ የበሩ ማጠፊያ ተሰብሮ እንድጠግንላት ጠይቃኝ ነበር። ከደጃፏ ወደ ውስጥ ከገባሁ በቀንም ታውቀኛለች። ሽምብራ በሰፊ ትሪ ዘርግታ ጠጠር ትለቅማለች። አይኗ አብጧል፤ ያለቀሰችው እሽራቅ ናት፣ እሷ ግን ልጇ ለሌሊት ተራዋ ሆስፒታል እስክትሄድ ስትሰማት ቆይታ፣ ከዚያ ወዲህ አልተኛችም።

«ሱቁን ለእሽራቅ ሳልነግራት ልሸጠው ነው» አለችኝ። «ከተሸጠ በኋላ ምን ታመጣለች? ታኮርፋለች፣ ከዚያ ታገባለች።»

«ሽጪውና ሰዎቼን የት ልላካቸው? ቤታችሁ ግቡ ልበላቸው?»

«ያንተ ሰዎች አፍ አላቸው፣ ሌላ ሱቅ ይጠይቁ። የኔ ልጅ አንድ ናት።»

የተሰበረውን ማጠፊያ ስፈታ ደጃፉ ጨለመ። ላላ ቤያ ናት፤ ብቻዋን። መብሩካ ደንግጣ ተነሳችና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ላላ ቤያ ድስቱን አየች፣ የተደረደሩትን ሳህኖች አየች፣ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ባሺር ሌሊቱን ሙሉ ሲነግረኝ አደረ» አለች።

«ምኑን ላላ ቤያ? እኔ ሲ ባሺርን ያየሁት ትናንት ነው።»

«ተይ እህቴ። እሱ ራሱ ነግሮኛል።» የሽምብራውን ትሪ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ መልቀም ጀመረች። ስታወራ አይኗ ሽምብራው ላይ ነበር። «ልጄ የሞተ ጊዜ እሳት አላነደድኩም። ክረምቱን ሙሉ ምድጃዬ ቀዝቃዛ ነበር። ጎረቤት የሚያመጣልንን ለድመት እደፋዋለሁ። ባሺር ይብላ አይብላ ግድ አልነበረኝም። ሂድ ብሎ የፈቀደለት እሱ ነበራ! እውነቱን ልንገርሽ፣ በልጄ ፋንታ እሱ በሞተ ያልኩበት ቀን ብዙ ነው።»

መብሩካ በርጩማ ስባ ከፊቷ ተቀመጠች።

«እሱ ግን አይሞትም። ሊነጋጋ ሲል ይመጣል፣ መጠጥ መጠጥ ይሸታል፣ ከመጠጡ በላይ ደግሞ ከሙን ከሙን ይሸታል። ሌላ ሴት አለችው፣ እያበላች ታኖረዋለች አልኩ። ያቺን ሴት አላየኋትም፣ ስሟን አላውቅም፤ ስረግማት ነው የኖርኩት። ትናንት ሻይ ስትሰጪኝ እጅሽ ሸተተኝ። ቤት ገብተን ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀድሞኝ ነገረኝ።»

ማጠፊያውን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። መውጣትም አልቻልኩ፣ በሩ ላይ ተቀምጣለች።

«የረገምኩት አንቺን ነው» አለች ላላ ቤያ። «ይቅር በይኝ። አሁን ባሌ በሽምግልናው ጎኔ ተኝቶ ሲያንኮራፋ እሰማዋለሁ፤ ደስ ይለኛል። ያን ጊዜ እኔ ያልፈለግኩትን ሰው አንቺ ነሽ ያቆየሽልኝ።»

መብሩካ አለቀሰች። በዚያ ሁሉ ዓመት ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ ድምፅ የላትም፣ እንባዋ ብቻ አገጯ ድረስ ወረደ።

«ልጅሽን ስጪኝ» አለች ላላ ቤያ። «ወጅዲ ማታ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ወጥቶ ሆስፒታሉ በር ላይ ነው ያደረው፤ እሽራቅ ግን አልወጣችለትም፣ ይበለው። በሚመጣው ዓርብ ፋቲሓ እናቀራለን።»

«ሱቁስ?» አለች መብሩካ፣ አገጯን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ዘመድ አለ ጎረቤት አለ ብላችኋል። ለልጄ ስል እሸጠዋለሁ፣ አትሳቀቁ።»

ላላ ቤያ የያዘችውን ጠጠር ወደ ውጭ ወረወረች።

«እንዳትሸጪው» አለች። «ዛሬም ማታ ሚስቱ እሳት ያላነደደችለት አንድ ሰው ይኖራል።»